«ፓምፑ ሞቷል» ከመባሉ በፊት፦ የኤክስካቫተር ሃይድሮሊክ ብልሽት እንዴት ይፈለጋል፣ እንዴት ይጠገናል

ኤክስካቫተር ጉልበት ሲያጣ በየሳይቱ ቀድሞ የሚሰማው ፍርድ «ፓምፑ ሞቷል» ነው። ፓምፑ ይወርዳል፣ ይፈታል፣ አዲስ ኪት ይገባበታል፣ ተመልሶ ይታሰራል። ማሽኑ ግን እንደ በፊቱ ይዝላል። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የተደፈነ ፊልትሮ፣ ቆሻሻ የያዘው ሪሊፍ ቫልቭ (ግፊት ከልኩ ሲያልፍ ዘይት የሚለቀው) ወይም የተቃጠለ ፊውዝ ሆኖ ይገኛል። ፓምፕ ከሁሉ የሚወደድ ዕቃ ስለሆነ ሊጠረጠር የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው፤ እሱም ተለክቶ።

እዚህ ያሉት ቁጥሮች 20 ቶን አካባቢ ለሚመዝኑና ሁለት ዋና ፓምፕ ላላቸው ማሽኖች፣ ማለትም ለካት 320፣ ለኮማትሱ ፒሲ200 እና ለመሰሎቻቸው የሚሆኑ መነሻዎች ናቸው። ትክክለኛው ልክ የየማሽኑ ማንዋል ላይ ያለው ነው።

ግፊት ሳይለቀቅ ቡሎን አይነካም

ቦሙን (ዋናውን ክንድ)፣ አርሙን (የፊተኛውን ክንድ) እና ባኬቱን መሬት አስነኩና ሞተሩን አጥፉ። ከዚያ ቁልፉን ወደ «ኦን» መልሱ፣ የደህንነት መቆለፊያውን ልቀቁ፣ ሁለቱንም ጆይስቲኮችና የመሄጃ ፔዳሎቹን በየአቅጣጫው ደጋግማችሁ ግፉ። አኩሙሌተሩ (ግፊት የሚያጠራቅመው ዕቃ) ውስጥ የቀረው የፓይለት ግፊት፣ ማለትም ዋናዎቹን ቫልቮች የሚያንቀሳቅሰው አነስተኛ ግፊት፣ እስኪያልቅ ድረስ ቫልቮቹ እየተከፈቱ በሲሊንደሮቹ ውስጥ የታሰረውን ዘይት ይለቃሉ። መጨረሻ ላይ የታንኩን መተንፈሻ በመጫን ወይም ክዳኑን ቀስ ብሎ በማላላት የታንኩን ግፊት አውጡ። ይህ ሁሉ ተደርጎም የመጀመሪያውን ቡሎን ግማሽ ዙር ብቻ አላሉት። ዘይቱ የሚንጠባጠብ ከሆነ ቀጥሉ፤ የሚረጭ ከሆነ መልሳችሁ አጥብቁና ከመጀመሪያው ጀምሩ።

የዘይት ማስተላለፊያ ጎማ (ሆዝ) ላይ ያለን ቀጭን ፍሳሽ በእጅ አትዳብሱ፤ ካርቶን አስጠግታችሁ ፈልጉ። በ350 ባር የሚወጣ ዘይት ጓንትንም ቆዳንም በስቶ ይገባል። ቁስሉ የትንኝ ንክሻ ስለሚመስልና መጀመሪያ ላይ እምብዛም ስለማያም ሰው ታጥቦ ወደ ሥራው ይመለሳል። በሰዓታት ውስጥ ግን ጣትን እስከ ማስቆረጥ ይደርሳል። እንዲህ የደረሰበት ሰው ወዲያውኑ ሆስፒታል መሄድና «የሃይድሮሊክ ዘይት በከፍተኛ ግፊት ሥጋዬ ውስጥ ገብቷል» ብሎ በግልጽ መናገር አለበት፤ በላዩ ላይ ቅባት ተቀብቶ የሚመለስ ጉዳት አይደለም፣ ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል።

መጀመሪያ ዘይቱ

የዘይቱን መጠን ማሽኑ ማንዋሉ በሚለው አቋም ላይ ቆሞ ተመልከቱ። ሲሊንደሮቹ ተዘርግተው የተሞላ ታንክ ሲሊንደሮቹ ሲሰበሰቡ ይትረፈረፋል፤ የሲሊንደሩ ዘንግ ወደ ውስጥ ሲገባ የያዘውን ቦታ ያህል ዘይት ወደ ታንክ ይመለሳልና።

ቀጥሎ ንጹሕ የብርጭቆ ጠርሙስ ውስጥ ናሙና ቅዱ። ዘይቱ ነጣ ብሎ ደፍርሶ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከታች ወደ ላይ ከጠራ የገባበት አየር ነው፤ አድሮም ካልጠራ ውሃ ነው። ለማረጋገጥ ውሃ ከሚፈላበት በላይ በጋለ የብረት ሳህን ላይ አንድ ጠብታ ጣሉ፦ ከተንጣጣ ውሃ አለበት። የተቃጠለ የሚሸትና የጠቆረ ዘይት ደግሞ ማሽኑ ለረጅም ጊዜ በሙቀት መሥራቱን ይናገራል።

ውሃው ብዙ ጊዜ የሚገባው ዘይቱ ማሽኑ ውስጥ ሳይሆን ገና በርሜሉ ውስጥ እያለ ነው። ውጭ ቆሞ ያደረ በርሜል ክዳኑ ላይ ዝናብ ይጠራቀማል፤ ቀን ሲሞቅ አየሩ ይተነፍሳል፣ ማታ ሲቀዘቅዝ በክዳኑ ጥርስ በኩል ውሃውን ወደ ውስጥ ይስባል። በርሜሉን አስተኙት፤ ሁለቱ ክዳኖች ግራና ቀኝ በአግድም እኩል ይሁኑ። አዲስ ዘይት ንጹሕ ነው ብላችሁም አትመኑ፤ ከበርሜል በቀጥታ በባልዲ የሚቀዳው ዘይት ማሽኑ ከሚፈልገው የንጽሕና ደረጃ በታች ሊሆን ይችላል። ፊልትሮ ባለው የመሙያ ፓምፕ አስገቡት።

ውፍረቱም ይታይ። ለደጋና ለወይና ደጋ ቪጂ 46 በአብዛኛው ይበቃል። እንደ አፋርና ጋምቤላ ላለ ቆላ፣ ማንዋሉ ከፈቀደ፣ ቪጂ 68 ይመረጣል። ቀጭን ዘይት በሙቀት ውስጥ ይበልጥ ይቀጥንና በየክፍተቱ ያመልጣል፤ «ጠዋት ጎበዝ፣ ከሰዓት ሰነፍ» ለሚባል ማሽን አንዱ ሰበብ ይህ ነው። ሌላው በሙቀት ጊዜ ብቻ የሚገለጥ የውስጥ መልበስ ነው።

የመመለሻ ፊልትሮውን አውጡና በመቀስ ቆርጣችሁ ወረቀቱን ዘርጉት። ማግኔት የሚስበው ብናኝ ከኩሽኔታ ወይም ከማርሽ የመጣ ብረት ነው። ማግኔት የማይስበው ቢጫ ብልጭታ ነሐስ ነው፤ የፓምፑ ወይም የሃይድሮሊክ ሞተሩ የፒስተን ጫማዎች ወይም የቫልቭ ሳህኑ እየተበላ ነው ማለት ነው። ነጭ ቀላል ብረት የማርሽ ፓምፕ ገላ ይሆናል። ጥቁር የጎማ ቁርጥራጭ ከሲል (ዘይት እንዳያመልጥ ከሚያግደው ቀለበት) ወይም ከጎማ ሽፋን ይመጣል። ይህን ሳያይ ፓምፕ የሚፈታ ሰው ደም ሳይመረምር ሆድ እንደሚከፍት ሐኪም ነው።

የፓምፕ ድምፅ፦ የአየር ጩኸትና የረሃብ ጩኸት

ሁለት ድምፆች በተደጋጋሚ ይምታታሉ። ፓምፑ ዘይት ሲራብ፣ ማለትም የመሳቢያው መንገድ ሲጠብ፣ ወጥ የሆነ ከፍ ያለ ጩኸት ያሰማል፤ ሞተሩ ሲፈጥን ጩኸቱም አብሮ ይጨምራል። አየር ሲስብ ግን ድምፁ የተቆራረጠ ነው፣ ጠጠር እንደያዘ ጣሳ ይንኳኳል፤ ታንኩ ውስጥ አረፋ ይታያል፣ ሲሊንደሮቹም እየተንቀጠቀጡ ይሄዳሉ።

ረሃብ ከሆነ የታንኩን የመሳቢያ ወንፊት፣ የተጨማደደ የመሳቢያ ጎማና መተንፈሻውን ፈትሹ። መተንፈሻው በአገራችን ደጋ ላይ ከሌላው ቦታ የበለጠ ትኩረት ይገባዋል። ዘይትን ወደ ፓምፑ የሚገፋው የታንኩ አየር ግፊት ነው፤ በባሕር ወለል የአየር ግፊት 1,013 ሚሊባር ሲሆን 2,355 ሜትር ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ግን 760 አካባቢ ብቻ ነው። ሩቡ ገና ከመጀመሪያው ጎድሏል። ብዙ ማሽኖች ይህን የሚያካክሱት መተንፈሻው ታንኩ ውስጥ ትንሽ ግፊት እንዲያቆይ በማድረግ ነው። መተንፈሻው ከተደፈነ ወይም ግፊቱን መያዝ ካቃተው ቆላ ላይ ዝም ያለ ፓምፕ ደጋ ላይ መጮህ ይጀምራል። ማሽን ከመተሐራ ወደ ደብረ ብርሃን ተጭኖ «በመንገድ ተበላሸ» ሲባል መጀመሪያ ይቺን ትንሽ ዕቃ ተመልከቱ።

አየር ከሆነ ደግሞ ሞተሩ በሚኒሞ (በዝቅተኛ ፍጥነት) እየሠራ በመሳቢያው መስመር እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ላይ ግሪስ ወይም ወፍራም ዘይት ቀቡ። ቀዳዳው ላይ ስትደርሱ ድምፁ ለጥቂት ሰከንድ ይለወጣል። ከመሳቢያ መስመር ዘይት ስለማይንጠባጠብ ደረቅ መሆኑ አያታልላችሁ፤ እዚያ አየር ይገባል እንጂ ዘይት አይወጣም።

ሞተሩን ስሙት

ጌጅ (የግፊት መለኪያ) ከመግጠማችሁ በፊት አንድ ነገር ሞክሩ። ዘይቱ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ጋዙን ሙሉ አድርጋችሁ ቦሙን እስከ መጨረሻ አንሱና ማንሻውን ከ5 ሰከንድ ላልበለጠ ጊዜ ያዙ።

ሞተሩ ትንሽ ጎንበስ ብሎ ከተረጋጋ ፓምፑ ጭነት እየሰጠው ነው፤ ችግሩ ከፓምፑ ወዲያ፣ በአንድ ቫልቭ ወይም ሲሊንደር ላይ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ ምንም ጭነት ካልተሰማው ግፊት አልተፈጠረም ወይም ፓምፑ ዘይት መስጠት አልጀመረም፤ ዋናውን ሪሊፍ፣ የፓይለት ግፊቱንና የፓምፑን ሬጉሌተር (የሚሰጠውን ዘይት የሚወስነውን) አስቡ። ሞተሩ በጭስ ታፍኖ ሊጠፋ ከደረሰ ጉዳዩ ወደ ሌላ ይሄዳል፦ ወይ የፓምፑን ጉልበት የሚገድበው ሬጉሌተር ወይም የኤሌክትሪክ ሶሌኖይዱ (በማግኔት የሚሠራው ቫልቭ) አልሠራም፣ ወይ ሞተሩ ራሱ ደክሟል። የናፍታ ፊልትሮ፣ የአየር ፊልትሮና የተርቦው ጎማ ሃይድሮሊክ ከመነካቱ በፊት ይታዩ። በናፍታ እጥረት የደከመ ሞተር ፓምፕ ሲያስፈታ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም።

አንዱ ነው ወይስ ሁሉም?

የትኛው እንቅስቃሴ እንደደከመ በወረቀት ጻፉ። ኦፕሬተሩ «ሁሉም ሰንፏል» ቢልም ራሳችሁ ሞክሩ፤ ቦም የሰነፈበት ሰው ማሽኑ ሁሉ የሰነፈ ይመስለዋል።

ሁሉም ጭራሽ የማይንቀሳቀስ ከሆነ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ርካሽ ነው፦ የደህንነት መቆለፊያው ስዊች፣ ፊውዙ፣ ወይም የፓይለት መቆለፊያ ሶሌኖይዱ። መቆለፊያው ሲለቀቅ የካቻቢቴ ጫፍ ወደ ሶሌኖይዱ አስጠጉ። ማግኔቱ ከሳበው መብራት ደርሶታል፤ ካልሳበው ሽቦውንና ፊውዙን ተከተሉ። መብራት ደርሶትም ማሽኑ ካልተንቀሳቀሰ የፓይለት ግፊቱን ለኩ።

አንድ እንቅስቃሴ ብቻ ከደከመ ፓምፑን እርሱት። ያንኑ ፓምፕ የሚጠቀሙ ሌሎች ሥራዎች ጤነኛ ከሆኑ ፓምፑም ጤነኛ ነው። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከደከመ፣ ለምሳሌ ቦም ይወርዳል ግን መነሣት ይከብደዋል ከተባለ፣ የዚያን አቅጣጫ የፓይለት መስመርና የመስመር ሪሊፍ ቫልቭ (ያንን መስመር ብቻ የሚጠብቀውን) ፈትሹ። በብዙ ማሽኖች ላይ የተለያዩ ሥራዎች የመስመር ሪሊፍ አንድ ዓይነት ነው፤ የዕቃ ቁጥራቸውና የተሞሉበት ግፊት አንድ ከሆነ የቦሙንና የአርሙን አቀያይሩ። ድካሙ ከቫልቩ ጋር ከሄደ ሌባው ተያዘ።

የግማሹ ሥራ ድካም፣ በተለይም ማሽኑ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ወደ አንድ ጎን መሳቡ፣ ከሁሉ በቀላሉ የሚለይ ነው። ግፊቱን ለቃችሁ ከሁለቱ ፓምፖች የሚወጡትን ዋና ጎማዎች አቀያይሩ፤ የጎማዎቹ ርዝመትና ፍላንጅ ከፈቀደ የግማሽ ቀን ሥራ አይሞላም። ድካሙ ወደ ሌላው ሰንሰለት ከዞረ ጥፋቱ በፓምፑ ወይም በሬጉሌተሩ ነው። ባለበት ከቀረ ቫልቩ፣ መሐል ያለው ሴንተር ጆይንት (ዘይቱን ከሚዞረው የላይኛው ገላ ወደ ሰንሰለቶቹ የሚያስተላልፈው) ወይም የሰንሰለቱ ሞተር ነው። ቦምና አርም ጠንካራ ሆነው ሁለቱም ሰንሰለቶች ከደከሙ ሴንተር ጆይንቱን ጠርጥሩ፤ የውስጥ ሲሎቹ ሲበሉ ወደ ፊት የሚነዳው መስመር ዘይት ወደ ኋላ በሚነዳው መስመር ያመልጣል።

ድካሙን በቁጥር ለመያዝ ቦሙን ተጠቅማችሁ አንዱን ሰንሰለት ከመሬት አንሱ፣ አንድ ዙር ካሟሟቃችሁ በኋላ ቀጣዮቹ 5 ዙሮች ስንት ሰከንድ እንደፈጁ ያዙ። ሌላውንም እንዲሁ። ግራና ቀኙ ሲነጻጸር ማንዋል እንኳ ባይኖር መልስ ይገኛል።

ጌጁን ግጠሙ

ሁለት ጌጅ ያስፈልጋል፦ ለዋናው መስመር 600 ባር፣ ለፓይለቱ 60 ባር የሚለኩ። የፓይለቱን ጌጅ በስሕተት ዋናው መስመር ላይ የገጠመ ሰው መስታወቱ ፊቱ ላይ ይበተንበታል።

መጀመሪያ የሚለካው ፓይለቱ ነው፤ እሱ ካነሰ የቀረው መለኪያ ሁሉ ውሸት ይሆናል። ከ30 እስከ 40 ባር መገኘት አለበት። ሲያንስ የፓይለት ፊልትሮውን፣ ቀጥሎ የፓይለት ሪሊፉን፣ መጨረሻ ላይ ትንሿን የማርሽ ፓምፕ ተመልከቱ። ፓይለቱ ሲያንስ ዋናዎቹ ስፑሎች (በቫልቩ ውስጥ እየተንሸራተቱ የዘይቱን መንገድ የሚከፍቱት ዘንጎች) ሙሉ በሙሉ ስለማይከፈቱ ማሽኑ ሁሉ ይዝላል፤ የዋናው ፓምፕ ሞት የሚመስለው ትልቁ ማታለያ ይህ ነው።

ዋናው ግፊት ሲሊንደር ጫፍ ደርሶ ሲያዝ 340–350 ባር አካባቢ ይሆናል። የላይኛው ገላ መዞሪያ ግፊት እንደ ማሽኑ ዓይነት ከ250 እስከ 290 ባር ነው። በሁሉም ሥራ ላይ እኩል ዝቅ ካለ ዋናውን ሪሊፍ ፈታችሁ እጠቡ። መቀመጫው ላይ የገባች አሸዋ የምታህል ቆሻሻ 100 ባር ልትሰርቅ ትችላለች። በአንድ ሥራ ብቻ ዝቅ ካለ የዚያው መስመር ሪሊፍ ወይም ሲሊንደር ነው።

ሪሊፉን ለማስተካከል ከተገደዳችሁ አስቀድማችሁ የዳዶውንና የብሎኑን አቋም በቀለም ምልክት አድርጉ። በአንዳንድ ማሽኖች ሩብ ዙር ብቻ 30 ባርና ከዚያ በላይ ያንቀሳቅሳል። ከተወሰነው ልክ በላይ ማጥበቅ ግን ጥገና አይደለም። ግፊት የጉልበት ልክ ነው፣ ፍጥነት የሚመጣው በደቂቃ ከሚፈሰው የዘይት መጠን ነው። ቀስ የሚል ማሽን ግፊቱ ቢጨመርለት አይፈጥንም፤ ጎማ ይፈነዳል፣ የቦሙ ብየዳ ይሰነጠቃል።

ቦሙ ለምን ይወርዳል?

ቦሙን በተጫነ ባኬት አንሥታችሁ ሞተሩን አጥፉና ዘንጉ ላይ በቴፕ ምልክት አድርጉ። በ15 ደቂቃ ውስጥ ስንት ሚሊ ሜትር እንደገባ ለኩ። ሥሩ ማንም አይቁም። «ማታ አቁሜው ጠዋት ወርዶ አገኘሁት» የሚለው አቤቱታ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ሲሊንደር ውስጥ ያለ 1 ሜትር የዘይት ዓምድ በ10 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ያጥራልና።

አሁን ብዙ መካኒክ የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደረስን። ቦም ሲወርድ ሁሉም የፒስተኑን ሲል ይቀይራል። ነገር ግን የሲሊንደሩ ሁለቱም መግቢያዎች በጥብቅ የተዘጉ ቢሆኑ፣ ሲሉ ጭራሽ ባይኖርም እንኳ፣ ዘንጉ ብዙ ሊገባ አይችልም። ወደ ውስጥ የሚገባው ዘንግ ቦታ ይፈልጋል፤ ከፒስተኑ ሥር የሚወጣው ዘይት በዘንጉ በኩል ካለው ክፍት ቦታ ስለሚበልጥ ትርፉ የሚሄድበት ያጣል። ስለዚህ በሚወርድ ቦም ሁሉ ዘይት አንድ ቦታ ከሲሊንደሩ ውጭ እያመለጠ ነው፦ በስፑሉ፣ በመስመር ሪሊፉ፣ በቦሙ መያዣ ቫልቭ ወይም በሚታይ ፍሳሽ። የፒስተኑ ሲል ተባባሪ ሊሆን ይችላል፤ ዋናው ጥፋተኛ የትኛው እንደሆነ ግን በሙከራ ይለያል።

ሙከራው ይህ ነው። ቦሙ እየወረደ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉ «ኦን» ላይ ሆኖ፣ የደህንነት መቆለፊያው ተለቅቆ ማንሻውን ወደ «ቦም አንሳ» ያዙት። የአኩሙሌተሩ ግፊት ስፑሉን ይከፍታል፤ ከፒስተኑ ሥር ያለው ዘይት በቼክ ቫልቩ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፈው) ታግቶ ይቀራል፣ በዘንጉ በኩል ያለው ክፍል ግን ወደ ታንክ ይከፈታል። ሲሉ የተበላ ከሆነ በእሱ በኩል የሚያመልጠው ዘይት አሁን መውጫ ስላገኘ ቦሙ ከበፊቱ ፈጥኖ ይወርዳል፤ ሲል ግዙ። ፍጥነቱ ካልተለወጠ ጥፋቱ በቫልቩ በኩል ነው፣ ሲሊንደሩን አትንኩት። አኩሙሌተሩ ባዶ ከሆነ ሙከራው አይሠራም፤ ሞተሩን 10 ሰከንድ ያህል አስነሥታችሁ ሙሉትና ድገሙ።

የባኬት ወይም የአርም ሲሊንደር ከሆነ መጠኑን መለካትም ይቻላል። ዘንጉን ሙሉ በሙሉ ዘርጉት፣ ግፊቱን ልቀቁ፣ በዘንጉ በኩል ያለውን ጎማ ፍቱና ከማሽኑ የሚመጣውን ጫፍ በብረት ድፍን ዝጉት። ከዚያ ወደ መዘርጊያው አቅጣጫ ብቻ ግፊት ሰጥታችሁ ከክፍቱ ቀዳዳ የሚወጣውን ዘይት ለአንድ ደቂቃ በመለኪያ ዕቃ ተቀበሉ። በዚህ ክብደት ክልል ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ካለፈ ሲሉ ጊዜው ደርሷል። ማንሻውን ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ የሚነካ ሰው እንዳይኖር ኦፕሬተሩን አስጠንቅቁ።

ሲል መቀየር

ሲሊንደሩ ከወረደና ዘይቱ ከተራገፈ በኋላ ዘንጉን በኮምፕሬሰር አየር ገፍታችሁ ለማውጣት አትሞክሩ፤ እንደ ጥይት ይወጣል። በክሬን ወይም በቺንጋ ቀጥ አድርጋችሁ ጎትቱት። የፒስተኑ ዳዶ ብዙ ጊዜ በብሎን ወይም በተቀጠቀጠ ኳስ የተቆለፈ ነው፤ መቆለፊያው ሳይወጣ በረጅም ቧንቧ የሚታገል ሰው ጥርሱን ያበላሸዋል።

ሲል ለመግዛት አሮጌውን ሲል ይዞ ገበያ መሄድ የተለመደ ነው፤ ግን አሮጌው ወይ አብጧል ወይ ተጨማዷል። በካሊፐር መለካት ያለበት መቀመጫው ነው፦ የዘንጉ ወይም የሲሊንደሩ በርሜል ዲያሜትር፣ የቦዩ ዲያሜትር፣ የቦዩ ስፋት። እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ይዞ ሶማሌ ተራ የወረደ ሰው በዓይን ግምት ከሚገዛው የተሻለ ዕቃ ይዞ ይመለሳል። ሲሉን ብቻ ቀይሮ ዘንጉን ቀጥ አድርጎ የሚመራውን ቀለበት መተው ደግሞ ገንዘብ መጣል ነው። የተበላ ቀለበት ዘንጉን ያዘነብለዋል፣ አዲሱ ሲልም በአንድ ጎኑ ቶሎ ይበላል።

ዘንጉን በጥፍር ዳብሱት። ጥፍር የሚይዘው ጭረት ሲል ይቆርጣል። የቀላል ጭረትን ሹል ጫፍ በዘይት ድንጋይ ወይም በ600 ቁጥር ሸራ ወረቀት በዙሪያው አቅጣጫ ለስልሱት፤ በርዝመቱ አትቦርሹ፣ አዲስ የፍሳሽ ቦይ ትሠራላችሁና። ክሮሙ የተላጠ ወይም የጎበጠ ዘንግ በምንም ሲል አይድንም።

ስትገጥሙ የዩ ቅርጽ ያለው የዘንግ ሲል ክፍት ከንፈሩ ወደ ዘይቱ ይዞራል፤ የአቧራው ሲል ከንፈር ወደ ውጭ። የኦሪንጉ (የክቡ የጎማ ቀለበት) ጠንካራ ደጋፊ ቀለበት ግፊት ከሚመጣበት በተቃራኒ ጎን ይቀመጣል። የፒስተኑ ጠንካራ ቀለበት አልዘረጋ ካለ በሞቀ ዘይት አለስልሱት፤ ከገባ በኋላ በላሜራ መታጠቂያ አስራችሁ ወደ መጠኑ እስኪመለስ ጠብቁ። ጥርስ ባለበት ቦታ ሲሉ እንዳይቆረጥ በቴፕ ሸፍኑ። ዳዶውን በቶርክ መፍቻ፣ በማንዋሉ ልክ እሰሩ።

ማሽኑ ላይ ከተመለሰ በኋላ አየር ሳይወጣ በሙሉ ጋዝ አትሥሩ። በሚኒሞ ሲሊንደሩን 4 ወይም 5 ጊዜ አመላልሱ፣ ግን ጫፍ ከመድረሱ 100 ሚሊ ሜትር በፊት አቁሙ። ከዚያ በኋላ ብቻ እስከ ጫፍ ውሰዱት። የታመቀ አየር በግፊት ሲጋይ አዲሱን ሲል ያቃጥለዋል።

ሙቀት

ዘይቱ ከ80 ዲግሪ አዘውትሮ ካለፈ ሲሎች ይደርቃሉ፣ ዘይቱም ዕድሜው ያጥራል። ከራዲያተሩና ከዘይት ማቀዝቀዣው መካከል የተጠቀጠቀውን ጭድና አቧራ መጀመሪያ አውጡ፤ ከፊት ሲታይ ንጹሕ የሚመስል ማቀዝቀዣ መሐሉ የታሸገ ይሆናል። የፋኑን ቺንጋም ተመልከቱ።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ካልቀዘቀዘ ዘይት ሥራ ሳይሠራ በጠባብ ቀዳዳ እየፈሰሰ ነው። በደቂቃ 100 ሊትር በ350 ባር በሪሊፍ ቢያልፍ 58 ኪሎ ዋት ገደማ ሙቀት ይሆናል፤ የትኛውም ማቀዝቀዣ ይህን አይችልም። የሙቀት መለኪያ ሽጉጥ ያዙና በቫልቩ ብሎክ ላይ ያሉትን ሪሊፎችና የመመለሻ ቧንቧዎች አንድ በአንድ ለኩ። ከጎረቤቱ በግልጽ የጋለው የሚያፈሰው ነው።

ጎማ

የፈነዳ ጎማ ሲተካ ውፍረቱና ጥርሱ ብቻ አይበቃም። ባለ 1 ኢንች፣ ሁለት ሽቦ ጎማ የሥራ ግፊቱ 165 ባር ነው፤ 350 ባር የሚሰጥ የቦም መስመር ላይ ቢገጠም መፈንዳቱ የቀናት ጉዳይ ነው። ለዚያ ቦታ ባለ አራት ሽቦ፣ 4ኤስኤች የሚባለው፣ 380 ባር የሚችለው ነው የሚያስፈልገው። ግማሽ ኢንቹ ሁለት ሽቦ 275 ባር ይችላል፤ ለፓይለት ከበቂ በላይ፣ ለዋናው መስመር አይበቃም። ከተቆረጠ በኋላ ውስጡ የቀረውን የጎማና የብረት ብናኝ ሳያጸዱ መግጠም ብናኙን ወደ ቫልቩ መላክ ነው። ስታስሩም ጎማው ላይ የተጻፈው መስመር ቀጥ ብሎ መሄዱን እዩ፤ ከተጠማዘዘ ፍቱና መልሱ።

ፓምፑ በእርግጥ ሲደክም

ከላይ ያለው ሁሉ ተፈትሾ ጣት ወደ ፓምፑ ከጠቆመ የገላውን ማፍሰሻ መስመር ለኩ። ፓምፑ ሙሉ ግፊት ላይ እያለ በማፍሰሻው የሚመለሰውን ዘይት በደቂቃ ተቀበሉ። በደቂቃ 200 ሊትር የሚሰጥ ፓምፕ ጥቂት ሊትር ቢያፈስ የተለመደ ነው፤ 20 ሊትር አካባቢ ከደረሰ ውስጡ ተበልቷል። ማፍሰሻውን ለአንድ አፍታ እንኳ አትዝጉ፤ የፓምፑ ገላ ዝቅተኛ ግፊት ብቻ ስለሚችል የዘንጉ ሲል ወዲያው ይወጣል።

ብናኝ ረጭቶ የሞተ ፓምፕ በአዲስ ሲተካ ታንኩ ተፈትቶ ይታጠብ፣ ፊልትሮዎቹ ሁሉ ይቀየሩ፣ የዘይት ማቀዝቀዣውም ይታጠብ ወይም ይቀየር። ይህ ካልተደረገ አሮጌው ብናኝ አዲሱን ፓምፕ ይገድለዋል። አዲሱ ፓምፕ ከመነሣቱ በፊት በማፍሰሻ ቀዳዳው ገላው እስኪሞላ ንጹሕ ዘይት አፍስሱበት፤ ደርቆ የተነሣ ፓምፕ በደቂቃዎች ውስጥ ይጫጫራል። መሳቢያውን ሙሉ፣ የአየር ማውጫውን ብሎን አላልታችሁ አረፋ የሌለው ዘይት ሲወጣ አጥብቁ። ሞተሩን በሚኒሞ 10 ደቂቃ ያለ ምንም እንቅስቃሴ አሠሩት፣ ከዚያ እያንዳንዱን ሥራ ያለ ጭነት ቀስ ብላችሁ ሞክሩ፣ ግፊቶቹንም እንደገና ለኩ። ከ50 ሰዓት ሥራ በኋላ የመመለሻ ፊልትሮውን አውጥታችሁ ቁረጡት፤ ቢጫ ብልጭታ አሁንም ካለ የታንክና የመስመር እጥበቱ ይደገማል።